የብልጭልጭ ካርድ ውበት ከኮላው ይጀምራል

ካርድን ለማስጌጥ የሚነሰነሰው ብልጭልጭ ካርዱ ላይ የሚቀረው ኮላ ባለበት ቦታ ብቻ ነው። ይህ ለማንም ግልጽ ቢመስልም ሥራው በሙሉ የሚቆመው በእሱ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሥዕሉን የሚስለው፣ ጠርዙን የሚያጠራውና ካርዱ በተቀባዩ እጅ ላይ ይራገፍ ወይም አይራገፍ የሚወስነው ኮላው እንጂ ብልጭልጩ አይደለም። የመልካም ምኞት ካርዶችን በእጄ እየሠራሁ ከተማርኩት ውስጥ አብዛኛው ስለ ኮላ የሆነውም ስለዚህ ነው።

ከኮላው በፊት ግን ወረቀቱ ይመረጣል። ተራ የጽሕፈት ወረቀት በአንድ ካሬ ሜትር 80 ግራም ያህል የሚመዝን ስለሆነ የኮላውን እርጥበት አይችለውም፤ ወዲያው ይጨማደዳል። እኔ የምጠቀመው ከ250 እስከ 300 ግራም የሚመዝነውን ወፍራም ወረቀት ነው። 210 በ297 ሚሊ ሜትር የሆነውን የኤ4 ወረቀት ለሁለት ቆርጬ እያንዳንዱን ግማሽ ሳጥፈው፣ 105 በ148 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ካርዶች ይወጡኛል። ወረቀቱ በፋብሪካ ሲሠራ ቃጫዎቹ በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሰለፉ፣ በዚያው አቅጣጫ ሲታጠፍ መስመሩ ንጹሕ ይሆናል፤ ቃጫውን አቋርጦ ሲታጠፍ ግን ጠርዙ ይሰነጣጠቃል። አቅጣጫውን ለመለየት ወረቀቱን በርዝመቱም በወርዱም ቀስ አድርጌ እለምጠዋለሁ፤ ሳያስቸግር የሚለመጥበት በኩል መታጠፊያው ነው። ከዚያም ማስመሪያ አስደግፌ ቀለሙ ባለቀ እስክሪቢቶ አሰምርና አጥፈዋለሁ።

ብልጭልጩ ራሱ ምን እንደሆነ ማወቅ አያያዙን ያቀልላል። አብዛኛው የሚሠራው እጅግ ስስ ከሆነ የፖሊስተር ፕላስቲክ ሲሆን፣ ፕላስቲኩ በአሉሚኒየም ተለብጦና ቀለም ተቀብቶ ወደ ጥቃቅን ቅንጣቶች ይቆረጣል። ቅንጣቶቹ ብዙውን ጊዜ ባለ ስድስት ጎን ናቸው፤ ይህ ቅርጽ ያለ ክፍተት ስለሚገጣጠም በአቆራረጥ ጊዜ ብክነት አይኖርም ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ ቅንጣት እንደ ጥቃቅን መስተዋት ብርሃን ስለሚመልስ፣ ተጋድመው ሲለጠፉ ካርዱ እንደ አንድ ገጽ ያበራል፤ ተዘበራርቀው ሲቆሙ ደግሞ ብርሃኑ ይበታተናል። ለፊደልና ለቀጭን መስመር የሚሆነኝ መጠኑ ወደ 0.2 ሚሊ ሜትር የሚጠጋው ደቃቅ ብልጭልጭ ብቻ ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር የሚደርሰውን ትልቁን ግን እዚህም እዚያም ለጥቂት ነጥቦች ካልሆነ አልጠቀምበትም፤ ጠርዝን ያበላሻል።

በኮላ መጻፍ እጅን ማለማመድ ይጠይቃል። ሲደርቅ ነጭነቱ ጠፍቶ ጥርት የሚለውን ነጭ ኮላ፣ አፉ ቀጭን በሆነ ጠርሙስ አድርጌ፣ ሁልጊዜ መጀመሪያ በተጣለ ወረቀት ላይ ጥቂት መስመር አስኬደዋለሁ፤ በአፉ ላይ የተጠራቀመው አየር እዚያው ይወጣና ካርዱ ላይ እንደ እንባ ያለ ጠብታ አይጥልም። ጠርሙሱን አጋድሜ ወደ ራሴ እየጎተትኩ እጽፋለሁ እንጂ ወደፊት አልገፋውም፤ ሲገፋ አፉ ወረቀቱን ይቧጥጣል፣ ኮላውም ይጠራቀማል። የፊደል እግሮች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ኮላ ስለሚበዛ በስቴኪኒ ጫፍ ትርፉን አነሣለሁ። ወዲያው ኮላው ሳይደርቅ ብልጭልጩን ከላይ አትረፍርፌ እነሰንሳለሁ፤ መቆጠብ እዚህ ላይ አይጠቅምም፤ የተረፈው ተመልሶ ወደ ዕቃው ይገባልና። ለዚህም ሲባል ከካርዱ ሥር መሐሉ የታጠፈ ወረቀት አነጥፋለሁ፤ ትርፉን በመታጠፊያው በኩል እንደ አሸንዳ አንቆርቁሬ ወደ ጠርሙሱ እመልሰዋለሁ። ከመራገፉ በፊት ጥቂት ደቂቃ መታገሥ፣ ከዚያ ካርዱን ዘቅዝቆ ጀርባውን በጣት ጥፍር ነካ ነካ ማድረግ ይበቃል።

ለሰፊ ቅርጽ ግን ነጭ ኮላን ትቼዋለሁ። ወረቀቱን ያጣምመዋል፣ ሲደርቅም ገጹ ወጣ ገባ ይሆናል። ለልብ፣ ለኮከብ ወይም ለአበባ ቅጠል የሚመረጠው በሁለቱም ገጹ የሚለጥፍ ፕላስተር ነው። ቅርጹን በመቀስ ቆርጬ ካርዱ ላይ ከለጠፍኩ በኋላ የላይኛውን ሽፋን ልጬ ደቃቁን ብልጭልጭ እነሰንስና በጣቴ እየተጫንኩ አሸዋለሁ። በዚህ ጊዜ ቅንጣቶቹ ይጋደሙና ገጹ እንደ ተወለወለ ብረት ያበራል፤ እርጥበት ስለሌለም መድረቅ መጠበቅ አያስፈልግም። የዚህ ስልት ትልቁ ጥቅም ቀለማትን ሳያደባልቁ ማጎራበት መቻሉ ነው፤ የአበባውን ሽፋን በምላጭ ጫፍ ብቻ ከፋፍዬ ክፍሉን አንድ በአንድ እየላጥኩ እያንዳንዱን በራሱ ቀለም አለብሰዋለሁ። መጀመሪያ የሚለበሰው ጠቆር ያለው ቀለም ነው፤ በታሸው ገጽ ላይ ሌላ ቅንጣት የሚያርፍበት የሚያጣብቅ ቦታ ስለማይቀር ቀጣዩ ቀለም ንጹሕ ይወጣል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር የሥሩ ቀለም ነው። በወርቃማ ብልጭልጭ ሥር ነጭ ወረቀት ካለ፣ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ነጭ ክፍተት ሁሉ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ቦታው አስቀድሞ በተመሳሳይ ቢጫ ወይም ቡናማ ቀለም ሲቀባ ግን ያው ብልጭልጭ እጥፍ የተነሰነሰ ይመስላል። በተጨማሪም ደረቅ ወረቀት በስታቲክ ኤሌክትሪክ ቅንጣቶችን ወደማይፈለግበት ቦታ ይስባል። ስለዚህ ኮላ ከመንካቴ በፊት የሕፃናት ፓውደር በስሱ አሽቼ በደረቅ ብሩሽ ሙልጭ አድርጌ እጠርገዋለሁ፤ ከቆየ ፓውደሩ ራሱ ኮላውን እንዳይይዝ ያደርገዋል።

ስለ ጽዳቱ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ብልጭልጭ ፕላስቲክ ስለሆነ በውኃ ታጥቦ ወደ ፍሳሽ ሲገባ ለረጅም ጊዜ አይበሰብስም፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ሆን ተብለው ወደ ምርቶች የሚጨመሩ ጥቃቅን ፕላስቲኮችን የሚገድብ ደንብ ሲያወጣ ልቅ የፕላስቲክ ብልጭልጭንም ያካተተው በዚሁ ምክንያት ነው። ከዕፅዋት ሴሉሎስ የሚሠራ ብልጭልጭ ስላለ፣ ባገኘሁ ቁጥር እሱን እመርጣለሁ። ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ አነሣለሁ፣ ጨርቁንም በቧንቧ ሥር ከማጠብ ይልቅ ቅንጣቶቹን ወረቀት ላይ አራግፌ ወደ ቆሻሻ እጥላለሁ። በትንፋሽ እፍ ማለትና እጅን ሳይታጠቡ ዓይን ማሸት ፈጽሞ አይገባም፤ የቅንጣቶቹ ጠርዝ ስለታም ነው።

የውስጡን ጽሑፍ ከብልጭልጩ በፊት መጻፍ ይመረጣል፤ በተጌጠ ካርድ ላይ ክንድ አሳርፎ መጻፍ አያመችም። ነጭ ኮላ ላዩ ቶሎ ቢደርቅም ውስጡ ስለሚዘገይ ካርዱን ሌሊቱን ተዘርግቶ አሳድረዋለሁ፤ ጠዋት ላይ ለስላሳ ብሩሽ አሳልፌበት የሚራገፍ ካለ ይራገፋል። ከዚያም ፊቱን በስስ ወረቀት ሸፍኜ 114 በ162 ሚሊ ሜትር በሆነ ፖስታ ውስጥ አስገባዋለሁ።