አሜን የምንልበት ቦታ

ይሄን ስጽፍ እያፈርኩ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዓርብ ማታ፣ ከአሜሪካኖቹ በተከራየነው አዳራሽ የጸሎት ፕሮግራሙን የምመራው እኔ ነበርኩ። አንዲት እናት አሉ፣ ከወለጋ ከመጡ ገና ሁለት ወራቸው ነው፣ ልጃቸው ናት የምታመጣቸው። ተነሡና በኦሮምኛ መጸለይ ጀመሩ። ትንሽ ታገሥኩና «እማማ፣ ሁላችንም አሜን እንድንል በአማርኛ ይጸልዩልን» አልኳቸው። በትሕትና ነው ያልኩት ደግሞ! ፀጥ አሉ። «ጌታ ተመስገን» ብለው ተቀመጡ። በቃ።

ፓርኪንጉ ላይ ልጅቷ ጠበቀችኝ። እኔም ቶሎ ብዬ ጥቅስ መዘዝኩ፦ 1ኛ ቆሮንቶስ 14፡16፣ ያልገባው ሰው እንዴት አሜን ይላል? ደሞስ በክርስቶስ አንድ አይደለንም እንዴ? «አንድነቱ ሁልጊዜ በአንተ ቋንቋ ነው?» አለችኝ። እማማ መኪና ውስጥ እስኪገቡ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ያዝኩላቸው። ዳሩ የተላላጠ መጫፈ ቁልቁሉ ነው፣ የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ። ገለጥ ሳደርገው በግዕዝ ፊደል የታተመው የድሮው፤ ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ወደ ኦሮምኛ ለመተርጎም ደክመውበት በ1899 እ.ኤ.አ. ካሳተሙት የመጣው። ሁሉንም ፊደል አነባለሁ፣ አንድ መስመር ግን አልገባኝም።

ቤት ገብቼ ያቺን ምዕራፍ ከላይ ጀምሬ አነበብኳት። ከጥቅሴ ሦስት ቁጥር ከፍ ብሎ ስለ መተርጎም ይናገራል። አስተርጓሚዋ ደግሞ እናቷ ጎን ተቀምጣ ነበር!

ከዚያ ወደ ሐዋርያት ሥራ 6 ሄድኩ። ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ «መበለቶቻችን በዕለት እደላው ተረሱ» ብለው ሲያጉረመርሙ፣ ሐዋርያቱ «ሁላችን አንድ ነን፣ እዚህ ዘር አታንሡ» ብለው አፋቸውን አላስያዟቸውም (እኛ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ስንወዳት!)። ሰባት ሰው አስመረጡ። እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ኒቆላዎስ... የሰባቱም ስም የግሪክ ነው። እደላውን ለተረሱት ወገኖች ያስረከቡ ይመስላል። ስንት ጊዜ ሰብኬበታለሁ፣ ስሞቹን ግን ልብ ብዬ አላውቅም።

በሚቀጥለው ዓርብ እማማን በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ ልጅቷ ተረጎመችልኝ። አሁን ይጸልያሉ፣ ያውም ረጅም። ሰዓቱን የሚያይ ወንድም አይጠፋም። ልጅቷ ስትተረጉም ትቆይና ጸሎቱ ሲይዛት ትረሳናለች። ያኔ አሜን የምንልበትን ቦታ የምናውቀው የእሷን ከንፈር አይተን ነው።