ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት ጉለሌ ሂዱ

ክረምቱ ሊገባ ነው፣ ሰው ሁሉ ስለ ችግኝ ማውራት ጀምሯል፣ እና ዘንድሮ ግቢያችሁ ውስጥ ወይ ሰፈራችሁ ያለች ክፍት ቦታ ላይ ዛፍ ለመትከል ያሰባችሁ ካላችሁ በፈጠራችሁ መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ወስዳችሁ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ሂዱ።

ምክንያቱም ችግኝ ስትገዙ የምታዩት ፕላስቲክ ውስጥ የቆመ አንድ ስንዝር ቅጠል ነው። ዝግባ በዛ ዕድሜው በጣም ነው የሚያምረው፣ ሰውም እያማረው ከቤቱ ግድግዳ ሥር ይተክለዋል፣ እሱ ግን ከተመቸው 40 ሜትር ሊደርስ የሚችል ዛፍ ነው እኮ! ጉለሌ ስትሄዱ ያደገውን ዛፍ ሥሩ ቆማችሁ ቀና ብላችሁ ታዩታላችሁ፣ ስንት ቦታ እንደሚፈልግ ያኔ ይገባችኋል።

ቦታው ሰሜን ምዕራብ አዲስ አበባ ነው፣ 705 ሄክታር፣ ከተማ አስተዳደሩና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አብረው ያቋቋሙት። ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዱም ውርጩም የደጋ ነው፣ ስለዚህ እዛ የተመቸው ዛፍ አብዛኛው አዲስ አበባ ላይ አያስቸግራችሁም። ለኔ ከፓርክ የሚለየው በዚህ ነው፣ ፓርክ ሄዳችሁ ትዝናናላችሁ፣ እዚህ ግን የራሳችሁ አየር ላይ ምን እንደሚበቅል ትማራላችሁ።

እኔ በጣም የወደድኩት ጥድን ነው። ብዙዎቻችን የሀበሻ ጥድና የፈረንጅ ጥድ አንለይም፣ ሁለቱም ከርቀት አረንጓዴ ሾጣጣ ነገር ናቸው። እዛ የሚሠሩ አንድ ጋሼ «ልጄ ቅጠሉን ተይው፣ ፍሬውን እይ» አሉኝ። የፈረንጁ ፍሬ ድቡልቡል ሆኖ እንጨት የሚያህል ጠንካራ ነው፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የሀበሻው ደሞ ትንሽዬ ለስላሳ ፍሬ ናት፣ ስትበስል ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ ትሆናለች፣ ላይዋ ላይ በጣት ሲነኩት የሚለቅ ነጭ ብናኝ አላት። ፍሬውን የምታገኙት ግን ሴቷ ዛፍ ላይ ብቻ ነው፣ ጥድ ወንድና ሴቱ ለየብቻ ነው የሚበቅለው። ኮሶም እንደዛው ነው፣ የሴቷ አበባ ቀላ ብሎ ዘለላ ዘለላ ሆኖ ይንጠለጠላል፣ የወንዱ ነጣ ወደ ብርቱካናማ ያደላ ነው። ዘር ለመልቀም የምትፈልጉ ሰዎች ይሄን ሳታውቁ ወንድ ዛፍ ሥር ፍሬ ብትጠብቁ ዕድሜ ልካችሁን አይመጣም። የኮሶ ዘር ደሞ በጣም ደቃቅ ስለሆነ አፈር ጫን አድርጋችሁ አትቅበሩት፣ ላይ ላዩን በተን አድርጋችሁ በስሱ መሸፈን ነው፣ ቶሎ ስለሚበላሽም ለሚቀጥለው ዓመት ብላችሁ አታስቀምጡት።

ወይራን ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩት፣ ላዩ ጥቁር አረንጓዴ የሚያብለጨልጭ ነው፣ ሥሩ ወርቃማ ቡኒ። የጠላ ጋንና የወተት ዕቃ የምናጥንበት እንጨት ነው ግን ችግኙን ከዘር ያፈላ ሰው ስንት ታውቃላችሁ? ዘሩ ድንጋይ የሆነ ሽፋን ስላለው ሳይነካ ከተዘራ ለመብቀል ብዙ ይቆያል፣ ውስጡን ሳይጎዱ ሽፋኑን ሰንጠቅ ማድረግ ይረዳል፣ ትዕግሥት ይፈልጋል ግን ከያዘ በኋላ ድርቅ የሚችል ጠንካራ ዛፍ ነው። ጥቁር እንጨትንም አትለፉት፣ ቅጠሉን በእጃችሁ ስታሹት አልመንድ አልመንድ የሚል መራራ ሽታ አለው።

ባህር ዛፉንም ታያላችሁ፣ ተራራው ብዙ ቦታ እሱ ነው። በምኒልክ ጊዜ ከተማዋ ማገዶ አጥታ በነበረበት ሰዓት የደረሰላት ዛፍ ስለሆነ እኔ አልጠላውም፣ ግን ጥቅጥቅ ያለው ባህር ዛፍ ሥር ያለውን መሬትና አገር በቀሉ ዛፍ ሥር ያለውን መሬት አስተያዩት፣ አንዱ ጋ ደረቅ ቅጠልና ቅርፊት፣ ሌላው ጋ ሣሩ፣ ቀጋው፣ ወፉ፣ ቢራቢሮው። ለዚህ ነው ማዕከሉ ባህር ዛፉን ቀስ በቀስ በአገር በቀል የሚተካው፣ እኔም በሙሉ ልቤ የምደግፈው ሥራ ነው።

ደሞ እኮ ሀብታሞች ነን። ወደ 6,000 የሚጠጋ የዕፅዋት ዓይነት ነው ያለን፣ ከአሥሩ አንዱ ገደማ ሌላ ሀገር የሌለ። ይሄን አጣርቶ ለመጻፍ እነ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው የነበሩበት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ ያለቀው በ2009 ነው፣ 30 ዓመት ማለት ይቻላል! ያን ሁሉ ተለፍቶበት እኛ ግን ችግኝ ሻጩ ጋ ሄደን «የሚያምር ስጠኝ» ነው የምንለው።

ኮንዶሚኒየም ያላችሁ ደሞ ዛፍ አይቻልም ብላችሁ አትቅሩ። ዳማከሴ ከቅርንጫፍ ተቆርጦ ይያዛል፣ ጤና አዳም ጣሳ ላይ ይኖራል፣ ጦስኝ ፀሐይ ያለበት በረንዳና ውሃ የማይቋጥር አፈር ካገኘ ይበቃዋል።

ስትተክሉ ፕላስቲኩን ቀዳችሁ አውጡት፣ ከነፕላስቲኩ የሚቀብር ሰው አሁንም አያለሁና። ሥሩ ታች ተጠምዝዞ ከሆነ የተጠመዘዘውን በስለት ቁረጡት፣ አለዚያ ዛፉ ካደገ በኋላም ሥሩ እዛው እየዞረ ራሱን ያንቃል። ጉድጓዱን ከአሁኑ ቆፍራችሁ የላይኛውን አፈር ለብቻ አስቀምጡ፣ መሬቱ በደንብ ሲርስ፣ ሐምሌ ላይ፣ መጀመሪያ እሱን ነው የምትመልሱት።