የቀጨኔ ጭስ በስንት ሰዓት ይወፍራል?

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ቀጨኔ ውስጥ፣ ሌሊት ሌሊት ጭስ ሽቅብ አይወጣም። ከቀዝቃዛው አየር ጋር ሸለቆውን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። ይህን ለመረዳት ከመስከረም እስከ ጥር ሦስት የአየር መለኪያዎችን ይዤ በሰፈሩ ተመላልሻለሁ።

መለኪያዎቹ ርካሽ ናቸው። ትንሽ ማራገቢያ አየር ይስባል፣ የሌዘር ጨረር በአየሩ ውስጥ ያልፋል፣ ብናኙ ከሚበትነው ብርሃን ተነሥቶም ከ2.5 ማይክሮሜትር በታች የሆነው ደቃቅ ብናኝ መጠን ይገመታል። ይገመታል እንጂ አይመዘንም። እርጥበት ሲበዛ ብናኙ ውኃ ይዞ ያብጣል፤ ያበጠው ደግሞ ብዙ ብርሃን ስለሚበትን ቁጥሩ ያለ አግባብ ያሻቅባል። የጀመርሁት ጉሙ ገና ሳይለቅ ስለነበር የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት መረጃ ጣልሁት። ከዚያ በኋላ ሦስቱንም አንድ ጣሪያ ላይ ጎን ለጎን ሰቅዬ ከፓምፕና ከማጣሪያ ጋር አመሳከርኋቸው። ማጣሪያው ከሥራ በፊትና በኋላ በረቂቅ ሚዛን ይመዘናል፤ የክብደቱ ልዩነት በተሳበው አየር መጠን ሲካፈል ክምችቱ ይገኛል። አድካሚ ነው። ይህን ሳያደርግ ቁጥር የሚናገረውን ግን አትመኑ።

አንዱን መለኪያ መንገድ ዳር፣ አንዱን ሸክላ ከሚተኮስበት ግቢ አጠገብ፣ ሦስተኛውን እንጀራ ጋግረው ከሚሸጡ እናት ማድቤት ውስጥ አኖርሁ።

«ልጄ፣ ይኼ ሳጥን ጭሱን ይወስድልኛል?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ ይቆጥራል እንጂ አይወስድም።»

«እንግዲያው ቆጥረህ ስትጨርስ ለሚመለከተው ንገርልኝ።»

እሳት የሚያነዱበትን ሰዓት ልጃቸው በደብተር እየመዘገበች ትሰጠኝ ጀመር። ትልቁ ስህተቴ የመጣው እዚህ ላይ ነው። መለኪያው ጊዜውን የሚመዘግበው በግሪንዊች ሰዓት ነበር፤ ሦስት ሰዓት ጨምሬ አስተካከልሁት። ደብተሩ ግን በእኛው አቆጣጠር የተጻፈ ነው። «11 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈውን የንጋት እሳት እኔ ከረፋዱ ጋር አገጣጠምሁት። እሳቱና ጭሱ በስድስት ሰዓት ተራራቁ፤ እኔም ለሳምንታት ሌላ የጭስ ምንጭ ፍለጋ ደከምሁ። ከሰው ጋር የሚሠራ ልኬት መጀመሪያ የሰውን ሰዓት መጠየቅ አለበት።

የጭሱን ክምችት የማሰላበት ሞዴል ቀላል ነበር። ሰፈሩን እንደ ሳጥን እናስበው፦ ከታች ጭስ ይገባል፣ ከጎን ነፋስ ያልፋል፣ ከላይ ክዳን አለው። ክምችቱ ጭሱ ሲበዛ ይጨምራል፤ ነፋሱ ሲፈጥንና ክዳኑ ከፍ ሲል ይቀንሳል። እኔ ክዳኑን ሌት ተቀን በአንድ ከፍታ አስቀምጬው ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ ጥርት ባለ ሌሊት ግን መሬት ሙቀቷን ትለቃለች፤ ከመሬት የተጠጋው አየር ከበላዩ ካለው ይልቅ ይቀዘቅዝና ከብዶ ባለበት ይረጋል፤ ጭሱም አብሮት ይታሰራል። ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቀው ድረስ ክዳኑ አይነሣም። ንጋት ላይ የሚነደው ጥቂት እንጨት ቀትር ላይ ከሚነደው ብዙ እንጨት የሚብሰው ለዚህ ነው።

የነፋሱም መረጃ ከቦሌ የተወሰደ ነበር። ቦሌ ሜዳ ነው፣ ቀጨኔ ሸለቆ። የነጠላ ክር በረጅም እንጨት ጫፍ አስሬ ሌሊቱን ስመለከት፣ ክሩ ከእንጦጦ ወደ ከተማው ያመለክት ነበር። ከዚያች ሌሊት በኋላ የሞዴሉን ነፋስ በሙሉ ቀየርሁት።

ኅዳር 12 ደግሞ ከስሌቴ ጨርሶ የወጣ ቀን ነበር። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማዋን ሲፈጅ ሕዝቡ በሽታውን ለማባረር ቆሻሻ አቃጠለ፤ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ እስከ ዛሬ አለ። በሽታን የማራቅ ሐሳቡን አከብራለሁ። ያን ጊዜ ይቃጠል የነበረው ግን ገለባና ቅጠል ነው፤ ዛሬ ፕላስቲክ ተጨምሮበታል፣ የሚነደውም ክዳኑ በጣም ዝቅ በሚልበት ወር ነው። መለኪያዎቹ የዚያን ቀን ከአዘቦቱ ብዙ እጥፍ አሳዩ። እኔም ደንግጬ የአንድ ሰዓቱን ከፍተኛ ቁጥር የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ካወጣው 15 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ጋር አነጻጸርሁ። ያ ገደብ የ24 ሰዓት አማካይ ነው፤ የዓመቱ ደግሞ 5 ነው። ሠንጠረዡን አፍርሼ እንደ ገና ሠራሁት።

በጥር መጨረሻ ጭሱ በየሰዓቱ ሲወፍርና ሲሳሳ የሚያሳየውን ሥዕል በእርሳቸው ሰዓት አቆጣጠር አትሜ ለእማማ ወሰድሁላቸው። ጣታቸውን ንጋት 11 ሰዓት ላይ አሳርፈው «ይኼ ምጣዴን የምጥድበት ነው» አሉ። 3 ሰዓት ላይ ቢጀምሩ ጭሱ እንደሚበተን ነገርኋቸው።

«ልጄ፣ እንጀራው 1 ሰዓት ላይ ሱቅ መድረስ አለበት።»

የጭስ ማውጫ ስለ ማሠራት ተነጋገርን። ለእርሳቸው ሳንባ ይጠቅማል፤ ክዳኑ ሥር ያለውን ሰፈር ግን አያድነውም። አሁን የማሰላው፣ ከሰፈሩ ምጣዶች ምን ያህሉ ወደ ኤሌክትሪክ ቢዞሩ የንጋቱ ጭስ በስንት እንደሚቀንስ ነው።