ቤት ውስጥ የምትናገሩት ቋንቋ ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ልጅ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ የሚሞላ የቤት ቋንቋ መጠይቅ አለ። ብዙ ወላጆቻችን ልጃቸው ወደ ኋላ እንዳይቀር ሰግተው «እንግሊዝኛ» ብለው ያልፉታል። ጣጣው የሚመጣው ከዚሁ ነው። «አማርኛ» ካልተጻፈ ልጁ በአብዛኛው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው አይሰጠውም፤ የእንግሊዝኛ ትምህርት ድጋፉም ይቀርበታል።

ድጋፉ ደግሞ ችሮታ አይደለም። የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደው እ.ኤ.አ. በ1974 ያስፈረዱት መብት ነው፤ ለእኛም ተርፏል።

ልጁ ለድጋፍ ከተመረጠ ትምህርት በተጀመረ በ30 ቀን ውስጥ ደብዳቤ ሊደርሳችሁ ይገባል። ድጋፉን አንፈልግም ማለት ትችላላችሁ፤ ዓመታዊው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ግን አይቀርም።

ትምህርት ቤቱ ለስብሰባ ሲጠራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ በነፃ ነው። ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ የአሥር ዓመት ልጅ «የንባብ ደረጃው ዝቅ ብሏል» የሚለውን ስለራሱ ከመምህሯ ሲሰማ «ደህና ነው አለች» ብሎ ያልፈዋል።