የአራስ ቅቤና የጉምሩክ በር

እህቴ ጀርመን አገር ወሯ ሲገባ እናቴና እኔ ከፍኖተ ሰላም ተነሳን። ቪዛው ከወጣ ጀምሮ ቤታችን ድግስ ያለበት ይመስል ነበር። በርበሬ ተደለዘ፣ ሽሮ ተፈጨ፣ የገንፎ እህል ተቆላ። እናቴ ከራሷ ላሞች ያጠራቀመችውን ቅቤ አንጥራ በሁለት ጣሳ ሞላች፣ አፉን በፕላስተር ጠቀለለች። «አራስ ያለ ቅቤ በምን ትጠገናለች?» ትላለች። ጎረቤት ደግሞ «ለልጄ አደራ» እያለ ማሩንም ቋንጣውንም አረቄውንም ያመጣል።

እኔ ኪሎ ብቻ ስመዝን ሰነበትኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። አየር መንገዱ የሚፈቅደው ኪሎ ሌላ፣ የሰው አገር ጉምሩክ የሚፈቅደው ዕቃ ሌላ ነው።

ደርሰን ሻንጣችንን ስንወስድ መውጫው ላይ ሁለት በር አለ። አረንጓዴው «የማሳውቀው ዕቃ የለኝም» ማለት ነው። ቀዩ «አለኝ፣ እዩልኝ» ማለት ነው። ሰው ሁሉ በአረንጓዴው ሲነጉድ አይተን ተከተልን። አስቆሙን፣ ሻንጣው ተከፈተ፣ ቅቤውና ቋንጣው ተወሰደ። እናቴ «ምን በደልኩ?» እያለች ታየኛለች፤ እኔ የምመልስላት አጣሁ።

በኋላ ቁጭ ብዬ ሕጉን አነበብኩት። ከኛ አገር ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚገባ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት አይችልም። ቋንጣም፣ የተነጠረ ቅቤም፣ አይብም እዚያ ውስጥ ነው። ትንሽ ነው፣ ለቤት ነው ማለት አያድንም። ማር ግን ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። በርበሬ፣ ሽሮና የገንፎ ዱቄት ያለችግር አለፉ። እርጥብ ጤና አዳም ወይም እህቴ በረንዳዬ ላይ እዘራዋለሁ ብላ የለመነችኝ የጎመን ዘር ደግሞ የእፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቅበታል። አረቄ ዕድሜው 17 ለሞላ ሰው 1 ሊትር ነው። በስጦታ የሚሄድ ዕቃ በአውሮፕላን ለሚገባ አዋቂ እስከ 430 ዩሮ ድረስ ቀረጥ የለበትም። ወደ ሳዑዲ የምትሄዱ ግን አረቄውን ጭራሽ አታስቡት፣ ክልክል ነው። ጫት ደግሞ በጀርመንም በእንግሊዝም በአሜሪካም በሳዑዲም ያሳስራል።

ለእናቴ ምክንያቱን ስነግራት ነው ነገሩ የቀለላት። «እማ፣ አፍተግርን፣ ያን የከብት የአፍና የእግር በሽታ ፈርተው ነው» አልኳት። በጥር 2017 ዓ.ም. በርሊን አጠገብ ጎሾች ላይ አፍተግር ተገኝቶ ነበር። ጀርመን ውስጥ ከ35 ዓመት በላይ ታይቶ የማያውቅ በሽታ ነው፤ በዚያ ሰበብ ሥጋና ወተት ወደ ውጭ መሸጥ ሁሉ ተስተጓጉሎባቸው ነበር። በሽታው በሥጋና በወተት ሊሻገር ይችላል። እናቴ ከብት አርቢ ናት፣ አፍተግር በረት ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አይታለች። «እንዲያ ከሆነስ እውነታቸውን ነው፤ ቀድሞ የነገረኝ ጠፍቶ እንጂ» አለች። ያ ቀድሞ መንገር የነበረበት ሰው እኔ ነበርኩ።

ገንዘብ ላይም እንደዚሁ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ወደ አውሮፓ ኅብረት ስትገቡም ስትወጡም በእጃችሁ 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ካለ በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ነው። አሜሪካ ከ10,000 ዶላር በላይ ሲሆን ነው፣ እሱም አብሮ የሚጓዝ ቤተሰብ ገንዘብ ተደምሮ ነው የሚታየው፤ ባልና ሚስት ስድስት ስድስት ሺህ ተካፍለው ቢይዙ ያው ነው። ሳዑዲም የራሷ ገደብ አላት። ልብ በሉ፣ ይህ ክልከላ አይደለም፣ ግብርም አይቆረጥበትም። የሚያስቀጣውና ገንዘቡን የሚያስይዘው መደበቁ ነው። ከኛ በኩል ደግሞ ባንክ የውጭ ምንዛሬ ሲሸጥላችሁ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ያያል፤ የሰጣችሁን ደረሰኝ ከፓስፖርቱ ጋር ያዙት። ከአገር ይዞ የሚወጣው ብር በሕግ የተወሰነ ነው፣ መጠኑም ስለሚቀያየር ከመነሳታችሁ በፊት ባንኩን ጠይቁ። ብር እዚያ የሚመነዝርላችሁም የለም።

አደራ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። እምቢ ማለት ነውር ይመስላል። ግን በሻንጣችሁ የተገኘ ዕቃ የናንተ ነው፣ «የጎረቤት ነው» ብትሉ የሚሰማ የለም። ስለዚህ ፌስታሉን ባለቤቱ ፊት ፍቱት። ቅር ካለው ይበለው። ውስጡን ያላያችሁትን አትያዙ። የምትጠራጠሩት ነገር ካለ ደግሞ በቀዩ በር ሂዱና ራሳችሁ አሳዩ። ሳይጠይቋችሁ ያሳያችሁት ዕቃ ቢወሰድ እንኳ እንደ ደበቀ ሰው አትቆጠሩም።

ቅቤው? እናቴ ሦስተኛው ቀን ላይ «ወደ ሱቅ ውሰደኝ» አለችኝ። ጨው የሌለበት የጀርመን ቅቤ ገዛን። ኮረሪማውና ኮሰረቱ ደርቀው የመጡ ስለነበሩ አልተነኩም። አነጠረችው፤ ሽታው ደረጃው ድረስ ወረደ። እህቴ በወለደች በማግስቱ ገንፎው መሀል ላይ ያ ቅቤ ፈሰሰ፣ በርበሬ ተነሰነሰበት፣ እናቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ በእጇ አጎረሰቻት።