አባዬን አንቱ ብዬ የጻፍኩ ዕለት

አባዬ ያረፈ ሌሊት የሕይወት ታሪኩን የመጻፉ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ቀብሩ በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ። ውጭ ድንኳን ይተከላል፣ የዕድር ወንበር ይወርዳል። እኔ ጓዳ ገብቼ ሌላ ሰው ቀብር ላይ የተነበበ ጽሑፍ ከስልኬ አወጣሁ። ስሙን፣ ዓመቱን፣ የልጆቹን ቁጥር ቀየርኩ። «ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ»፣ «ባደረባቸው ሕመም ሲረዱ ቆይተው»። አንድ ገጽ ሞላልኝ።

ሲነበብ ቆሜ ሰማሁት። አባዬ ውስጡ የለም። እኔ አባዬን በሕይወቴ አንቱ ብዬው አላውቅም። የዚያን ቀን ግን «እሳቸው፣ እሳቸው» ሲባል ሌላ ሰው የምንቀብር መሰለኝ።

ስህተትም ነበረበት። አባዬ የምድር ባቡር ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበር። የቅጥር ደብዳቤው በፈረንሳይኛ ነው፣ ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር። ኖቬምበር 1967 ይላል። እኔ ቸኩዬ «በ1967 ዓ.ም. ተቀጠሩ» ብዬ ጻፍኩ። በኛ 1960 መሆኑ ነው። ጡረታ የወጡት የሥራ ጓደኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። በንጉሡ ጊዜ አብረውት የተሳፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ሰባት ዓመቱን በአንድ መስመር ሰረዝኩባቸው። የቤታችሁ ወረቀት በውጭ ቋንቋ ከሆነ ዓመቱን ሁለት ጊዜ ቁጠሩ።

በሠልስቱ ማታ ለሙት ዓመቱ በደንብ እጽፈዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

መጀመሪያ የመጣውን ሰው ሁሉ «አባዬ እንዴት ያለ ሰው ነበር?» እያልኩ ጠየቅኩ። «ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ተጫዋች» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ግን እሱን ያላየ ሰው ከዚህ ምን ይይዛል? አንድ ቀን ቲኬት የሚበሳባትን ብረቱን ከመሳቢያ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት። እጄታዋ በእጁ ላብ ጠቁሯል። አንድ የድሮ ባልደረባው አነሷት፣ ሁለቴ ጠቅ ጠቅ አደረጓትና ሳይጠየቁ ጀመሩ።

አንዲት እናት ትልቅ ልጅ በነጠላ አዝላ ተሳፍራለች። ቲኬት እንዳትከፍል ነው። የልጁ እግር መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። አባዬ ልጁን አየ፣ እሷን አየ። «እትዬ፣ ይሄ ልጅ አዋሽ ሳንደርስ ሚስት እንዳይጠይቅሽ» አላት። ፉርጎው በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች፣ ቀጥሎ ደግሞ አለቀሰች፤ ገንዘብ የላትም። አባዬ የልጁን ቲኬት ከኪሱ ቆረጠ። እኔ ይህን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቤት መጥቶ አልነገረንም።

ከዚያ በኋላ ጥያቄ ተውኩ። ዕቃና ፎቶ ይዤ እሄዳለሁ፣ ስልኬን አስፈቅጄ እከፍታለሁ፣ ዝም እላለሁ። ዝምታው ነው የከበደኝ። ሰው ሲያቆም ቶሎ መናገር ያምረኛል። ብዙ ጊዜ ግን ጥሩው ነገር የሚመጣው ከዚያ ዝምታ በኋላ ነው።

አክስቴ ተቆጣችኝ። «አባትሽ ሳይበርድ ሳቅ ትለቅሚያለሽ?» አለችኝ። እውነት አላት፤ ለቅሶ ቤት ሳቅ ነውር ነው። አልተከራከርኳትም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ራሷ ደወለች። ልጅ ሳለች አባዬ ከጂቡቲ ሲመለስ «ባሕር አመጣሁልሽ» ብሎ አንድ ጠርሙስ ውሃ ሰጣት። ባሕር አይታ አታውቅም። ቅመሺው አላት፣ ጨው ሆነባትና ተፋችው። «እንዲያውም አሣዎቹን አውጥቼልሻለሁ» አላት። ጠርሙሱ እስካሁን አላት። ደረቅ ነው፣ ታቹ ላይ ነጭ ነገር ተጋግሯል። ይህን እያወራች ሳቀች፤ ካረፈ ወዲህ ስትስቅ የሰማሁት ያኔ ነው።

ጎረቤታችን የነገሩኝን ቀልድ በአማርኛ መጻፍ አቃተኝ። አባዬ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ይቀልዳል፣ ባቡር ላይ የለመዳትንም ፈረንሳይኛ ጣል ያደርግባታል። ይሄኛው በሶማልኛ ነው። ስተረጉመው ሞተ። ስለዚህ የጎረቤታችን ልጅ እንዳለ በሶማልኛ ጻፈልኝ፣ እንዳለ ገባ። የማይገባው ሰው ጎረቤቱን ይጠይቅ፤ አባዬም የሚፈልገው ይህን ነበር።

ልጅ ልጆቹ ደግሞ ሌላ ባቡር ነው የሚያውቁት። ምሳ እምቢ ሲሉ እያንዳንዱ ጉርሻ ጣቢያ ነበር። አቃቂ፣ ዱከም፣ ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት፣ ወለንጪቲ፣ መተሐራ። አዋሽ ላይ ውሃ ይጠጣል፣ ትንሽ ይታረፋል። ከዚያ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር፣ በመጨረሻ ድሬዳዋ። ከድሬዳዋ በፊት የወረደ ተሳፋሪ የለም። ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ልጁን አሁንም እንዲህ ያበላል። በቴሌግራም የላከልኝን ድምፅ ስሰማ ልጅቷ አፏ ሞልቶ «ሚኤሶ» ትላለች። አሜሪካ የተወለደች ልጅ ናት።

አንድ ነገር ግን አሁንም ያመኛል። ከአባዬ ጋር ረጅም ዘመን የሠሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ደውዬ «ለፋሲካ ስመጣ ቁጭ ብለን እናወራለን» አልኳቸው። «እኔም ብዙ አለኝ፣ ነይ» አሉኝ። ሁዳዴ ሳይጋመስ አረፉ። የደወልኩ ሳምንት ሥራ አለብኝ ብዬ ነው የቀረሁት። ምን ሥራ እንደነበር ዛሬ አላስታውሰውም። በጥራዙ ውስጥ ለእሳቸው አንድ ገጽ ባዶ ተውኩ፤ አናቱ ላይ ስማቸውን ብቻ ጻፍኩ።

ሲጠናቀቅ አርባ ገጽ ሆነ። ሁሉም በ«አንተ» ነው፣ «እሳቸው» የሚል የለም። እናቴ መጀመሪያ ቅር አላት፣ የሰው ፊት አስፈራት። አንብባ ስትጨርስ «አዎ፣ እሱ ነው» አለችና መነጽሯን አወለቀች።

ለሙት ዓመቱ ስልሳ ቅጂ አሳተምን። ዋዜማው ላይ የእህቴ ልጅ የቲኬቷን ብረት ይዞ መጣ። ስምንት ዓመቱ ነው። አባዬ የቤት ሥራውን የጨረሰ ልጅ ደብተር ጥጉ ላይ ይበሳለት ነበር። «ተፈትሿል፣ እለፍ!» ይላል። የልጁ የሒሳብ ደብተር ጥጉ ወንፊት ሆኗል፤ እህቴ አስቀምጣዋለች። ልጁ ምንም ሳይናገር ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ጥራዞቹን አንድ በአንድ እያነሳ በሳ። ሠላሳ ሲደርስ ጣቱ ደከመው። ላግዝህ አልኩት፣ እምቢ አለኝ። በሁለት እጁ ይዞ ቀጠለ።