የአንታርክቲካ ጭቃ፦ ስንቱ ደለል፣ ስንቱ ዲያቶም?

ሰሞኑን የያዝኩት ሥራ ከደቡባዊ ውቅያኖስ ወለል የወጣ ደለል የቅንጣት መጠን መለካት ነው። እስካሁን የገባኝን ላካፍላችሁ።

የምንፈልገው ከ10 እስከ 63 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ያለውን ሲልት፣ ማለትም ከአሸዋ የደቀቀውን ደለል ነው። የጥልቁ ውሃ ፍሰት ሲበረታ ደቃቁ ተጠርጎ ይሄዳል፤ ሻከር ያለው ይቀራል። ከዚህ ተነስተን የድሮውን ፍሰት እንገምታለን። ችግሩ ዲያቶሞች ናቸው። እነዚህ የሲሊካ ቅርፊት ያላቸው አልጌዎች በዚያ ባህር እንደ ጉድ ይራባሉ። የብዙዎቹ መጠን ደግሞ እዚያው ሲልቱ ክልል ውስጥ ይወድቃል። እናም የቅንጣት መጠኑ ግራፍ ወደ ሻካራው ሲያዘነብል፣ ውሃው ፈጥኖ ይሁን አልጌው በዝቶ መለየት ያቅታል።

የሌዘር መለኪያው ሁሉንም ቅንጣት እንደ ድቡልቡል ነው የሚቆጥረው። ውስጡ ባዶ የሆነ ቅርፊትና ድፍን ኳርትዝ ለእሱ አንድ ናቸው። ጠብታ ወስዳችሁ በማይክሮስኮፕ ስታዩት ግን ሌላ ነው፦ ወንፊት የመሰሉ ክብ ዲያቶሞች፣ በመሃላቸው ስፖንጅ ከሚባለው የባህር እንስሳ የቀሩ ረጃጅም የሲሊካ መርፌዎች፣ አልፎ አልፎ ጠርዙ የሾለ ኳርትዝ። መርፌው በርዝመቱ ይለካ በውፍረቱ? በሌዘሩ ፊት ሲያልፍ እንደ አቀማመጡ ነው።

ስለዚህ ደለሉ ከመለካቱ በፊት ይጸዳል። ኦርጋኒክ ቁሱን በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ የፎራሚኒፌራን (ደቃቅ የባህር ፍጥረታት) የካርቦኔት ዛጎል በቀጭን አሴቲክ አሲድ ማስወገድ ብዙ አያስቸግርም። ፐርኦክሳይዱን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ ይገነፍላል። ፈተናው ሲሊካው ነው። የተለመደው 2 ሞላር ሶዲየም ካርቦኔት፣ በ85 ዲግሪ፣ ለ5 ሰዓት ያህል ነው። ዲያቶሙ ይሟሟል፤ የስፖንጁ መርፌ ግን እልኸኛ ነው። ጠንካራ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይጨርሰዋል፤ ችግሩ የሸክላ ማዕድኑንም መብላት ይጀምራል። እኔ ካርቦኔቱን መርጫለሁ። የቀረ መርፌ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ የተበላ ሸክላ ግን አይታይም።

የገረመኝ ከጽዳቱ በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት ከናሙና ናሙና እኩል አለመሆኑ ነው። ከሞቃቱ ዘመን የመጣው ንብርብር ዲያቶም የበዛበት ስለነበር፣ ሲጸዳ የግራፉ ጉብታ ድራሹ ጠፋ። ከበረዶ ዘመኑ የመጣው ግን ብዙም አልተነቃነቀም። ሳይጸዳ ብንለካው ኖሮ "በሞቃቱ ዘመን ፍሰቱ በረታ" ብለን እንጽፍ ነበር።

ቢሆንም ዲያቶሙንም ውሃ ያንከባልለዋል። ስለዚህ ከጽዳቱ በፊትም በኋላም ለክቼ ሁለቱንም ግራፍ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ።

የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ደለል የምትሠሩ፣ በተለይ ዝዋይ አካባቢ ያለውን ነጭ ዲያቶማይት (ከዲያቶም ቅርፊት የተከማቸ ዓለት) የምታውቁ፣ እናንተ ሲሊካውን በምን ነው የምታስወግዱት?